የአሳ ኩሬንና የሩዝ ማሳ ክትርን ከአይጥ ስለ መጠበቅ፤ የውሃ ወፍ ሳይያዝ ወጥመድ ስለ ማጥመድ

(በአቦቦ ወረዳ ለአርሶ አደሮች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

ንግግሬን እያቋረጥሁ እሄዳለሁ፤ ባልደረባዬ በአኙዋክ ቋንቋ ይመልሰዋል። ያልገባችሁ ነገር ካለ እስከ መጨረሻው አትጠብቁ፣ እዚያው ጠይቁ።

ዛሬ ስለ ማዳበሪያም ስለ ምርጥ ዘርም አይደለም የምናወራው። ስለ አንዲት ጉድጓድ ነው። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ሲገጣጠሙ የሚሠሩትን ቀለበት የምታክል ጉድጓድ ናት። በአሳ ኩሬ ክትር ላይ፣ በመስኖ ቦይ ዳር፣ በሩዝ ማሳ ድንበር ላይ ሁላችሁም አይታችኋታል። በበጋ ስታዩዋት ምንም አትመስልም። አይጧ ግን ከአፏ ጀምራ ወደ ውስጥ ስትቆፍር ትከርማለች። ክረምት ገብቶ ኩሬው ሲሞላ ውሃው ከውስጥ በኩል አፈሩን እያራሰ ይመጣና የአይጧን ዋሻ ያገኘዋል። መጀመሪያ በውጭ በኩል ጥቂት እርጥበት ይታያል፣ ቀጥሎ ቀጭን ውሃ ይፈሳል። ውሃው ድፍርስ ሆኖ መውጣት ከጀመረ አፈር ይዞ እየወጣ ነው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የቀረው የሰዓታት ጉዳይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ሌሊት ነው። ጠዋት ስትመጡ ክትሩ ተቀዷል፣ ቆሮሶውና አምባዛው ወደ ጎረቤት ማሳ ወጥቷል፣ የጎረቤት በቆሎም ተኝቷል። ጠቡ ከዚያ ይጀምራል።

ስለዚህ አይጧን ማጥመድ አለብን። በዚህ ማንም አይከራከርም። የምንከራከረው በአጠማመዱ ነው። አቦቦ የውሃ አገር ናት። የአልዌሮ ወንዝ አለ፣ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ሥራው የተጀመረው የአልዌሮ ግድብ የያዘው ሐይቅ አለ፣ ከእኛ ወዲያ ደግሞ የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ረግረግ አለ። ውሃ ባለበት ወፍ አለ። ሌሊት እያፏጨ የሚያልፈው ፊቱ ነጭ ዳክዬ፣ ትልቁ ባለ እሾህ ክንፍ ይብራ፣ ሳቢሳው፣ የውሃ ዶሮው፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ ክረምት ሸሽተው የሚመጡት ትንንሽ ዳክዬዎች፣ ሁሉም እናንተ ወጥመድ የምታኖሩበት ክትር ላይ ይቆማሉ።

ይህን ነገር የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ሥራ በጀመርሁ ሰሞን፣ በሌላ ወረዳ፣ ለአንድ የአሳ ኩሬ ማኅበር አይጥ ላጠፋላችሁ ብዬ ተነሣሁ። ሃያ የሚሆኑ ብረት ወጥመዶች ገዝተን፣ በቆሎ ፍሬ አድርገን፣ በክትሩ አናት ላይ ደርድረን አደርን። ጠዋት ስንመጣ አራት አይጥ ተይዟል። ከአይጦቹ ጋር ሁለት ዳክዬ አንገታቸው ተመትቶ ሞተዋል። አንዲት ሳቢሳ ደግሞ እግሯ ተሰብሮ ወጥመዱን እየጎተተች ውሃው ዳር ትንደፋደፋለች። አንዲት እናት ቅርጫት ይዘው ቆመው ያዩ ነበር። «ልጄ፣ ያጠመድኸው ለአይጥ ነው ወይስ ለእራት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የተማርሁት ነገር ቢኖር ዲግሪ ይዤ መሄዴን ነበር፤ ማን በየት በኩል እንደሚሄድ አላየሁም ነበር።

እንዲህ ያለ ስሕተት በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ማስክራት የሚባል፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ገደማ የሆነ፣ ዋናተኛ አይጥ መሰል እንስሳ አለ። ለፀጉሩ ሲሉ ወደ አውሮፓ ወሰዱት፤ ከእርባታ አመለጠና የወንዝና የኩሬ ዳር መቆፈር ያዘ። እንግሊዞች እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1932 ሕግ አውጥተው በወጥመድ ዘመቱበት፤ ጥቂት ዓመታት ፈጅቶባቸው ጨርሰው አጠፉት። በስኮትላንድ ግን የተያዘው ሲቆጠር፣ ከማስክራቱ ይልቅ ሳይፈለግ የተያዘው በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ። የውሃ ዶሮና ዳክዬም ከነዚህ ውስጥ ነበሩበት። ኔዘርላንድስ የምትባለው አገር ደግሞ ከመሬቷ ሩብ ያህሉ ከባሕር ወለል በታች ነው፤ የሚጠብቃት የአፈር ክትር ነው። ማስክራቱ እዚያ የገባው በ1941 ነው፤ ሥራቸው እሱን ማጥመድ የሆነ ደመወዝተኞች አሏቸው። አንዲት አይጥ ክትር ስትቆፍር አገር የሚያሰጋ ነገር ነው ለማለት ነው ይህን ያነሣሁት።

በእነሱና በእኛ መካከል ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ማስክራት የሚቆፍረው ከውሃው በኩል ነው፤ የቤቱ በር ውሃ ውስጥ ነው። አጥማጁም ወጥመዱን ዳክዬ በሚዋኝበት፣ የውሃ ዶሮ በምትጠልቅበት ቦታ ለማኖር ይገደዳል። የእኛ አይጦች እንደዚያ አይደሉም። ደረቅ አፈር ይፈልጋሉ። ክትሩን የሚቆፍሩት ከደረቁ ጎን፣ ሣር ከሸፈነው፣ ወደ ማሳው ከሚያየው በኩል ነው። ወፉ ደግሞ በእርጥቡ ጎንና በአናቱ ላይ ነው የሚውለው። በሃያው ወጥመድ የሠራሁት ስሕተት ይኸው ነበር፤ አይጧ በደረቁ ጎን እየኖረች እኔ ወፉ በሚቆምበት አናት ላይ አጠመድሁ።

እንግዲህ ወጥመድ ከማኖራችሁ በፊት አንድ ምሽት ለማየት ብቻ ስጡ። ማታ ክትሩን ዞራችሁ በደረቁ ጎን ያገኛችሁትን ጉድጓድ ሁሉ በጭቃ ድፈኑ። በየአፉ ፊት አንድ እፍኝ የተነፋ አመድ በትኑ። ጠዋት ስትመጡ የተከፈተው ጉድጓድ ሰው ያለበት ቤት ነው፤ ተደፍኖ የቀረው ባዶ ነው፣ አትድከሙበት። አመዱን አንብቡ። የአይጥ ኮቴ ትንንሽ ሆኖ በመካከሉ ጅራት የጎተተው መስመር ብዙ ጊዜ ይታያል። የዳክዬና የይብራ እግር ሦስት ጣት ወደ ፊት ሆኖ በጣቶቹ መካከል ቆዳ አለው፤ እንደ ቅጠል ያርፋል። የሳቢሳና የውሃ ዶሮ ጣት ረጅምና ቀጭን ነው። በአንድ ጉድጓድ ፊት የወፍ እግር ካያችሁ እዚያ ወጥመድ አይኖርም። ያንን ጉድጓድ ቆፍራችሁ፣ ጎጆውን አውጥታችሁ፣ አፈሩን እየረገጣችሁ ድፈኑት።

ሰዓቱንም ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው «ወፍ ሌሊት ይተኛል፣ ማታ አጥምደን ጠዋት እናንሣ» ይላል። ለዶሮ ይሠራል። ለእኛ ዳክዬ ግን አይሠራም፤ ያ የሚያፏጨው ዳክዬ ምግቡን በአብዛኛው የሚፈልገው ሌሊት ነው። የሚያልፍ ፉጨቱን የምትሰሙት በእንቅልፍ ሰዓት አይደል? አይጦቹም ቢሆኑ አንድ ዓይነት አይደሉም። በማሳችን ከሚያስቸግሩን አንዷ ብዙ ጡት ያላት አይጥ ናት፤ እስከ 24 ጡት ሊኖራት ይችላል፣ የምትወጣውም ሌሊት ነው። ሌላዋ የሣር አይጥ ቀን ትወጣለች፤ ከሣሩ ሥር ጠባብ መንገድ ጠርጋ ስትሮጥ በፀሐይ ታዩዋታላችሁ። ስለዚህ ማታ ብቻ ብናጠምድ ግማሹን አይጥ እንስታለን፣ ዳክዬውንም አናድንም። ወፉን የሚያድነው ሰዓቱ ሳይሆን ቦታውና የመግቢያው ስፋት ነው።

ወደ መግቢያው ልምጣ። እባካችሁ ይህን በደንብ ያዙ። ብረት ወጥመድ በገላጣ አይኖርም፤ ቤት ውስጥ ይገባል። ለቤትነት የሚቀለው ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ነው። የፀረ ተባይ ጀሪካን አላልሁም፤ እሱን ለምንም አትጠቀሙበት። ጀሪካኑን አጋድሙት፣ ጀርባውን ቆርጣችሁ ወጥመዱን ማስገቢያ አብጁለት፣ ከዚያ መልሳችሁ በሽቦ እሠሩት። በፊት ለፊቱ አራት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ፣ ማለትም ሰባት ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክፈቱ። አይጥ በዚያ ትገባለች፣ ዳክዬ አይገባም። ወጥመዱ ከቀዳዳው አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ ይግባ፤ ምግብ የሚደረግበት በኩል ወደ ቀዳዳው ይዙር። የውሃ ዶሮ ምንቃሯን ብታስገባ እንኳ አትደርስበትም። የሳቢሳ አንገት ግን ረጅም ነው፤ ለእሱ መላው የምግቡ ዓይነት ነው፣ እመለስበታለሁ። ጀሪካን የሌለው በሁለት ጣውላ መካከል አኑሮ በሦስተኛ ጣውላ ይክደን፣ ድንጋይም ይጫንበት። ቀርከሃ የምትሉ ትኖራላችሁ፤ የእኛ የቆላ ቀርከሃ ግን ውስጡ ድፍን ነው፣ ለዚህ አይሆንም።

ጀሪካኑ በደረቁ ጎን፣ ከተከፈተው ጉድጓድ አጠገብ፣ ቀዳዳው ወደ ጉድጓዱ እያየ ይቀመጥ። ሣር አልብሱት። እንዳይንከባለል በካስማ ያዙት። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ወጥመዱን አትቀስሩት፤ ምግቡን ብቻ አድርጉ። አይጥ አዲስ ነገር ትጠራጠራለች፤ እየበላች ስትለምድ ያን ጊዜ ቀስሩት። ይህን ታግሦ የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው፤ የሚያደርገው ግን በአንድ ሌሊት የሚይዘው ሌላው በሳምንት ከሚይዘው ይበልጣል።

ምግቡ በቆሎ፣ ማሽላ ወይም ሩዝ አይሁን። ያ የዳክዬና የጅግራ ምግብ ነው፤ አንዲት ፍሬ ውጭ ከወደቀች ወፍ ጠራችሁ ማለት ነው። ደረቅ አሳ አይጥ ትወዳለች፣ ነገር ግን ሳቢሳውም አርጃኖውም ይወደዋል። የተቆላ ኦቾሎኒ ወቅጣችሁ እንደ ሊጥ አድርጉትና በወጥመዱ ምላስ ላይ ለጥፉት። ይጣበቃል፣ አይበተንም፣ ሽታው ለአይጥ ይበቃል፣ ሳቢሳ ደግሞ አያስጠጋውም።

ማሰሮ መሬት ውስጥ ቀብራችሁ፣ ግማሹን ውሃ ሞልታችሁ የምታጠምዱ አላችሁ። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ገንዘብ አይጠይቅም። አደጋው ክፍት አፉ ነው። የዳክዬና የቆቅ ጫጩት እናቷን ተከትላ ስትሄድ ትወድቅበታለች። አፉን በጣውላ ክደኑት፤ ጣውላውን በጠጠር ከመሬት ሁለት ጣት ብቻ ከፍ አድርጉት። ጫጩት በሚታይበት ሰሞን ግን ማሰሮውን ጨርሳችሁ ድፈኑት፤ ጫጩት ሁለት ጣት በሚያህል ክፍተትም ትገባለች።

በሽቦ ወይም በናይሎን የሚሠራ አሽክላ በኩሬ ዳር በፍጹም አይኖርም። አሽክላ እግር አይመርጥም። የተያዘው ወፍም ቶሎ አይሞትም።

አሁን ስለ መርዝ። አይጥ ሲበዛ ሰው ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ጥቁር ግራጫ ዱቄት፣ ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ ያለው፣ ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለውን ገዝቶ ከእህል ጋር ለውሶ በክትሩ ላይ ይበትናል። ይህ ዱቄት ሆድ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይሆናል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ዳክዬና ይብራ ደግሞ ለዚህ መርዝ በጣም ስስ ከሆኑት ወፎች ውስጥ ናቸው፤ የተበተነ እህል ሲያገኙም ጠግበው ነው የሚነሡት። እኔን የሚያስፈራኝ የወፉ ሞት ብቻ አይደለም። ልጆቻችን ከብት ይዘው ኩሬ ዳር ይውላሉ። የሞተ ይብራ ሲያገኙ እግዜር የሰጠው ሥጋ ነው ብለው ይዘውት ይመጣሉ። መርዙ በአንቃሩና በሆድ ዕቃው ውስጥ እንዳለ ነው፤ ሲበልቱት እጃቸው ይነካዋል፣ ውሻው አንጀቱን ይበላል። ዛሬ ቤት ስትገቡ ለልጆቻችሁ ይህን ንገሩ፦ ኩሬ ዳር ሞቶ የተገኘ ወፍ አይነካም፣ አይበላም። ከሌላው ሁሉ ይህን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ የዛሬው ቀን አልባከነም።

ለአይጡስ ቢሆን? እርጥበት መርዙን ያበላሸዋል፤ በኩሬ ዳር ቶሎ ይደክማል። ትንሽ ቀምሳ ያልሞተች አይጥ ደግሞ ሁለተኛ አትነካውም። መርዝ የግድ ነው የሚባልበት ጊዜ ቢመጣ እንኳ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሳታማክሩ፣ ወፍ በማይደርስበት ጉድጓድ ውስጥ እንጂ በገላጣ፣ በእጅ በትናችሁ አታድርጉ።

አንድ ጥያቄ እንደምታነሡ አውቃለሁ፤ በየመንደሩ ተነሥቶብኛል። «ይብራውም እኮ ሩዛችንን ይበላል፤ በወጥመድ ቢያዝ ምን አለበት?» እውነት ነው፣ ይብራ የተዘራ ሩዝ ይለቅማል፣ ቡቃያውንም ይረግጣል። አልዋሻችሁም። ነገር ግን የይብራው ጉዳት ጥቂት ሳምንት ነው፤ ከተዘራ ጀምሮ ቡቃያው እስኪጠነክር፣ ከዚያ ደግሞ ሲያሸት። በዚያ ጊዜ ጠባቂ ይቁም፣ ቆርቆሮ ይንኳኳ፣ ከማሳ ማሳ ገመድ ተዘርግቶ ጨርቅ ይንጠልጠልበት። የአይጥ ጉዳት ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። ከውሃ ወፎች መካከል ደግሞ አይጥ የሚበሉ አሉ፤ ራሱ ጥቁር የሆነው ትልቁ ሳቢሳ በደረቅ ማሳ ላይ ቆሞ አይጥ ሲውጥ አይታችሁ ይሆናል። አባ ኮዳም ካገኘ አይተውም። ሌሊት ደግሞ ጉጉት አለ። ጉጉት ክፉ ወፍ ነው ብላችሁ በድንጋይ የምታባርሩት ካላችሁ፣ ያለ ደመወዝ የሚሠራላችሁን ዘበኛ ነው የምታባርሩት። በሕግም ቢሆን የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደንና ማጥመድ ክልክል ነው።

ስለ ትልቁ የሸምበቆ አይጥ ባጭሩ ላንሣ። ይህ ጥንቸል የሚያክለው፣ የበቆሎና የማሽላ አገዳ በጥርሱ አጋድሞ የሚቆርጠው ነው። ሥጋው ስለሚወደድ ብዙዎቻችሁ ታድኑታላችሁ። ለእሱ የሚሆን ሳጥን መግቢያው ሰፊ ነው፤ ጅግራም ቆቅም ይገባበታል። ስለዚህ ሳጥኑን ከውሃው አርቃችሁ፣ በረዥሙ ሣር ውስጥ ራሱ በጠረገው መንገድ ላይ አኑሩት። የሚወጣው በአብዛኛው ሌሊት ስለሆነ ማታ ክፈቱት፣ ጎህ ሲቀድ ዝጉት። እሱን ለማውጣት ብላችሁ በሸምበቆው ላይ እሳት አትልቀቁ። እሳቱ የወፉን ጎጆ ከነእንቁላሉ ይበላዋል፣ አይጡ ግን ሮጦ ያመልጣል።

ወጥመድ ሁሉ ፀሐይ ሳትወጣ ይታይ፣ ከዚያም ቀትር ላይና ማታ። ቸል የተባለ ወጥመድ ገዳይ ነው። ወፍ በሕይወት ከተያዘ ራሱን በጨርቅ ሸፍኑት፤ ጨለማ ሲሆንበት ይረጋጋል። ክንፉን ከሰውነቱ ጋር አጣብቃችሁ ያዙና እግሩን አላቁት፣ ከዚያ ውሃው ዳር ልቀቁት። የሞተ አይጥ በባዶ እጅ አይያዝም። በሽንቷ የሚተላለፍ በሽታ አለ፤ እጃችሁ ቁስል ካለበት ይገባል። ፌስታል እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ አንሡት፣ አርቃችሁ ቅበሩት፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ጉድጓዱን በመጀመሪያ እንዳይቆፈር ማድረግም ይቻላል። የሩዝ ማሳ ክትር ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ አይስፋ፤ በቀጭን ክትር ውስጥ አይጥ ጎጆ መሥራት ይቸግራታል። የአሳ ኩሬ ክትር ሰፊ መሆኑ ግድ ነው፤ እሱ ላይ መላው በደረቁ ጎን ያለውን ሣር አሳጥሮ ማጨድ ነው። መሸሸጊያ ያጣች አይጥ ከጭልፊትም ከጉጉትም አትድንም። ሣሩን ስታጭዱ ግን በውሃው ውስጥ ያለውን ቄጤማና ሸምበቆ ጠርዙን ተዉለት። ወፉ የሚፈለፍለው እዚያ ነው፤ ክትሩንም ከማዕበል ይጠብቀዋል።

የመጨረሻው ነገር ጊዜውና ኅብረቱ ነው። ያቺ ብዙ ጡት ያላት አይጥ ከሦስት ሳምንት ጥቂት ለሚበልጥ ጊዜ ፀንሳ በአንድ ጊዜ አሥርና ከዚያም በላይ ልትወልድ ትችላለች። ዝናብ ከገባ፣ ሣሩና እህሉ ከበዛ በኋላ ብትነሡ አትቀድሟትም። ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ፣ ምግብ ሲጠፋና ቁጥሯ ሲያንስ፣ ኦቾሎኒዋን ፈልጋ የምትመጣበት ጊዜ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቢያጠምድ ደግሞ ከጎረቤት ማሳ ትመጣለች። ስለዚህ በአንድ ቦይ የምትጠጡ ሁሉ በአንድ ሳምንት ተነሡ።

ለዚሁ እንዲመች በሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት በማሠልጠኛ ማዕከሉ ኩሬ ላይ እንገናኛለን። እያንዳንዳችሁ አንድ የዘይት ጀሪካን፣ ቢላዋ፣ ጥቂት ሽቦና አንድ ኩባያ የተቆላ ኦቾሎኒ ይዛችሁ ኑ። አመዱን እኛ እናዘጋጃለን። ረቡዕ ማታ ጉድጓዶቹን ሄደው የሚደፍኑ አራት ሰዎች እፈልጋለሁ፤ ፈቃደኛ የሆናችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁን ለልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ አስመዝግቡ።